ከሰይጣን ቤት እስከ እልፍኛችን

ተንቀሳቃሽ ሥዕል በፓሪስ ከተማ ለሕዝብ በክፍያ የታየው በታኅሣሥ 1888 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር አባቶቻችን በዐድዋ ድል አደረጉ፤ ለጦርነቱ መነሻ የሆነውም ውል የተፈረመው ከመርሳ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በውጫሌ ነው። ሲኒማ አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ ሕዝቡ አዳራሹን «የሰይጣን ቤት» አለው። ፋንታዝያ የተባለው ፊልም ድምፁን ከተመልካቹ ዙሪያ እያሰማ በኒው ዮርክ የታየው ደግሞ ነጻነታችን በተመለሰበት በ1933 ዓ.ም. ነው።

ዛሬ በወልድያም ሆነ በሀብሩ ይህን መሣሪያ በሳሎኑ የሚተክል ሰው ግድግዳውን ነጭ ቀብቶ መስኮቱን ይጋርዳል። አንዱን ድምፅ ማጉያ ከሥዕሉ ሥር፣ ሁለቱን በግራና በቀኝ፣ ሁለቱን ከመቀመጫው ኋላ፣ ጎርናናውን ድምፅ የሚያወጣውን ከወለሉ ላይ ያኖራል።

ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የዐድዋ ታሪክ የደረሰን በፊልም አይደለም፤ በአረጋውያን አንደበት፣ በጸሐፍትና በሠዓልያን እጅ ነው። ስለዚህ በግድግዳችሁ ላይ የባዕድ ታሪክ ብቻ እንዳይመላለስ የአያቶቻችሁን ቃል በሕይወት ሳሉ ቅረጹ፤ ልጆቻችሁን ከብቦ የሚሰማቸው ድምፅ የወገናቸውም ይሁን።