ሥዕልና ብርሃን፦ የሞኔ የውኃ አበቦች በኦራንዥሪ ሙዚየም

ክሎድ ሞኔ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተኩስ በቆመ ማግስት፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1918 እ.ኤ.አ.፣ ለወዳጁ ለጠቅላይ ሚኒስትር ክሌማንሶ ጽፎ ሁለት ሥዕሎችን ለፈረንሳይ መንግሥት ሊያበረክት ቃል ገባ። ስጦታው አድጎ ስምንት ግዙፍ የውኃ አበቦች ሥዕሎች ሆነ፤ ለእነርሱም በፓሪሱ ኦራንዥሪ የቀን ብርሃን ከጣሪያ የሚወርድባቸው ሁለት ሞላላ አዳራሾች ተዘጋጁ። ሞኔ በ1926 ዐረፈ፤ አዳራሾቹ በ1927 ተከፈቱ።

በ1960ዎቹ ግን በላያቸው ሌላ ፎቅ ተሠርቶ ብርሃኑ ተከለለ፤ ሙዚየሙ ታድሶ ብርሃኑ የተመለሰው በ2006 ነው። ሥዕሎቹ ከግድግዳቸው ሳይነሡ፣ ሠዓሊው ላሰበላቸው ብርሃን ግን ለአሥርት ዓመታት ባዕድ ሆነው ኖሩ። ስለዚህ የሥዕል ቅርስ ጥበቃ የሚታይበትንም ሁኔታ መጠበቅን ይጨምራል እላለሁ።