የሀዴራ ቀይ አፈርና የጭቃ ግድግዳ

የእስራኤሏ ሀዴራ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1891 ስትቆረቆር ዙሪያዋ ረግረግ ነበር። ወባ ብዙ ሰፋሪዎችን ፈጀ፤ ረግረጉን ለማድረቅም ባሮን ኤድሞንድ ዴ ሮትሺልድ ባወጡት ገንዘብ ባሕር ዛፍ ተተከለ። በእነዚያው ዓመታት ዳግማዊ ምኒልክ ይህንኑ ዛፍ አዲስ አበባ አስገቡት፤ ከተማዪቱ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ቸግሯት ነበርና። ዛፉ ከዚያ ወደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ስለተስፋፋም፣ ከጎንደር ገጠር ሀዴራ የገባ ቤተ እስራኤላዊ ለዛፉ ባዕድ አይደለም። ባዕድ የሆነበት የአርማታው ግድግዳ ነው።

በቤተ እስራኤል ዘንድ አፈር ሙያ ነበር። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ወንዶቹ በግንበኝነትና በአናጢነት ይታወቁ ነበር፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር፤ ጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃም ስሟ ከሸክላ ጋር ይነሣል። ይህን እውቀት የድህነት ምልክት ነው ብሎ መጣል ትልቅ ጥፋት ነው።

የጭቃ ቤት ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አጣናው ይቆማል፣ ማገሩ ይማገራል፣ ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት ይቦካል። በደንብ የቦካ ጭቃ ይሸታል፤ በእጅ ሲይዙት ይለጠጣል፣ ግድግዳ ላይ ሲመርጉትም ይጣበቃል። ጠላቶቹ ውኃና ምስጥ ናቸው። ባለሙያው ግድግዳውን ከድንጋይ መሠረት ላይ የሚያስነሣው፣ ከፈፉንም የሚያስረዝመው ለዚህ ነው።

ለሀዴራ የሚበጀው ግን ሌላው የጭቃ ጠባይ ነው። ከተማዋ የሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ላይ ናት፤ በጋዋ ወበቃማ ነው። ጀርመናዊው የአፈር ግንባታ ተመራማሪ ጌርኖት ሚንከ እንዳሳዩት፣ የክፍል አየር እርጥበት ከ50 ወደ 80 በመቶ ሲወጣ ያልተተኮሰ ጡብ በሁለት ቀን ውስጥ ከተተኮሰው 30 እጥፍ እርጥበት ይመጥጣል፤ አየሩ ሲደርቅም መልሶ ይለቀዋል። ቀለም የተቀባ አርማታ ይህን አያደርግም።

ያም ሆኖ መላው ቤት ጭቃ ይሁን ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. ከ1991ዱ የባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ በእስራኤል አዲስ መኖሪያ ቤት ሁሉ ማማድ፣ ማለትም በአርማታ የተሠራ መጠለያ ክፍል፣ እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል። የመሬት መንቀጥቀጥ ስጋትም አለ። ስለዚህ ተገቢው ንድፍ ቅይጥ ነው፦ ምሰሶውና ማማዱ አርማታ፣ የውስጥ መለያ ግድግዳው የጭቃ ጡብ፣ የውስጥ ልስኑ አፈር። የሲሚንቶ ምርት ከዓለም የካርቦን ልቀት 8 በመቶ ያህሉን ይይዛልና፣ ከአርማታው የሚቀነሰው ሁሉ ትርፍ ነው። በውጭ በኩል ግን አፈር ብቻውን በቂ አይደለም፤ ሙቀት ያከማቻል እንጂ እንደ ጭድ አይከላከልም።

አፈሩስ? የባሕር ዳርቻው ሜዳ ሐምራ የሚባል ቀይ አሸዋማ አፈር አለው፤ የሸክላ መጠኑ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ለመሠረት ሲቆፈር የወጣውን አፈር በጠርሙስ ውኃ ውስጥ አናውጦ ማስቀመጥ ነው፤ አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ሸክላው ከላይ ቀስ እያለ ይረጋል። ከዚያ የተለያየ ጭድና አሸዋ የገባባቸው ሦስት አራት የምርጊት ናሙናዎች አንድ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። ሲደርቁ ያልተሰነጠቀው፣ በእጅ ሲታሽም የማይረግፈው ለሳሎኑ ይመረጣል።