ከአረቄ ጥሬ ዕቃነት ወደ ኦይስተር ገበታ

ሙስካዴ የሚባለው የፈረንሳይ ነጭ ወይን ከኦይስተር ጋር ሲቀርብ ብዙ ጠጪዎች ጥምረቱን የተፈጥሮ ስጦታ ያደርጉታል። ወይኑ የሚለማው ሎዋር ወንዝ ወደ አትላንቲክ በሚገባበት አቅጣጫ፣ በናንት ከተማ ዙሪያ ነው። ከነዛጎሉ ቀርቦ ጥሬውን የሚበላው ኦይስተርም ከዚያ ብዙ በማይርቅ ባሕር ዳር ይረባል። ጎረቤታሞች ስለሆኑ ተስማሙ፣ በቃ! ታሪኩን ለሚመረምር ግን ጉርብትና ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱን አንድ ማዕድ ላይ ያስቀመጧቸው ውርጭ፣ የአረቄ ንግድና ባቡር ናቸው።

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ናንት ይመላለሱ የነበሩት የደች ነጋዴዎች ከወይኑ ልዩ ጣዕም አልጠበቁም። የሚፈልጉት አረቄ የሚወጣበት ርካሽና ቀለል ያለ ነጭ ወይን ነበር፤ ገበሬውም ገዢውን አይቶ ነጭ የወይን ዘር ማብዛት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1709 መጀመሪያ ደግሞ ወንዞችን ያጋገረ ብርድ አውሮፓን መታ፤ የናንት የወይን ተክልም ደረቀ። ባዶ በቀረው መሬት ላይ የተስፋፋው ሜሎን ደ ቡርጎኝ የተባለው ዘር ነው፤ የተመረጠውም ብርድ ስለሚችልና ቶሎ ስለሚደርስ ነበር። በዘረመል ምርመራ የታዋቂው ሻርዶኔ ወንድም ሆኖ ቢገኝም በትውልድ አገሩ በቡርጎኝ ያን ያህል ክብር አላገኘም፤ መዓዛው ደብዛዛ ነውና። ለአረቄ አውጪው ይህ እንከን አልነበረም። ኦይስተርን የመሰለ ስስ ጣዕም የማይጫን ወይን የተገኘውም ከዚሁ ጉድለት ነው። ቀጭንነቱን ያካካሰው የጓዳ ዘዴ ነው፦ ወይኑ ብርዱን ወቅት ከአተላው ሳይለይ ያሳልፍና በቀጥታ ወደ ጠርሙስ ይገባል፤ አተላው ውፍረት ይሰጠዋል፣ አንዳንዴም ምላስ ቆንጠጥ የሚያደርግ ጥቂት ጋዝ ያስቀርለታል።

ኦይስተር በበኩሉ ሙስካዴን ሲጠብቅ አልኖረም። ዣን ፍራንሷ ደ ትርዋ እ.ኤ.አ. በ1735 ለንጉሥ ሉዊ 15ኛ በሣለው የኦይስተር ግብዣ ላይ መኳንንቱ የሚጠጡት ሻምፓኝ ነው፤ ቡሹ ሲፈናጠር እንኳ ይታያል። የናንት ወይን ወደ ፓሪስ ገበታ የሚያደርሰው ፈጣን መንገድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 ባቡር ሁለቱን ከተሞች ሲያገናኝ ነው። በስሙ የመጠራት ሕጋዊ መብት የተከበረለት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1936፣ ሴቭር ኤ ሜን በተባለው አካባቢ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያ ይነሳል። አንደኛው የኬሚስትሪ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2009 የጃፓን ተመራማሪዎች ከባሕር ምግብ ጋር ቀይ ወይን ሲጠጣ የሚመጣውን የዓሣ ክርፋት በወይኑ ውስጥ ካለ ብረት ጋር አያይዘውታል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህ ብረት የበዛበት ወይን ለምን እንደማይስማማ ያስረዳ እንደሆነ እንጂ ከብዙ ነጭ ወይኖች መካከል ሙስካዴ ለምን እንደተመረጠ አይነግረንም። ሁለተኛው የአፈር ነው። ሻብሊ የተባለው ሌላ የፈረንሳይ ነጭ ወይን ከኦይስተር ጋር የሚስማማው የሚበቅልበት የኖራ ድንጋይ በጥንታዊ የኦይስተር ቅሪቶች የተሞላ ስለሆነ ነው ይባላል። ደስ የሚል ወሬ ነው፤ ሙስካዴ ግን ያፈርሰዋል። የእሱ መሬት በአብዛኛው ግራናይት፣ ናይስና ጋብሮ ነው፤ ዛጎል በሌለበት ድንጋይ ላይ የበቀለው ወይን ከኦይስተር ጋር እኩል ይሄዳል።

ኦይስተርም ቢሆን ብቸኛ ጓደኛው አይደለም። የናንት አካባቢ ሰው የሎዋርን ፓይክ ዓሣ በቅቤ፣ በኮምጣጤና በቀይ ሽንኩርት በተሠራው ቦር ብላን ስጎ ሲበላ ሙስካዴ ያስከትላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሕግ ለይቶ ያወቃቸው የክሊሶን፣ የጎርዥና የለ ፓሌ መንደሮች ሙስካዴዎች ደግሞ ከተለመደው በላይ በአተላቸው ላይ ስለሚቆዩ ለዶሮና ለአይብም ይበቃሉ። ዛሬም ሙስካዴን ከኦይስተር ውጪ አላውቅም የሚል ጠጪ የወይኑን እኩሌታ አልቀመሰም።