ውሻ የያዘው ጥንቸል ይበላል? አዳኝ ውሻን ማርባትና ማሠልጠን ከፎገራ ሜዳ አንጻር

በፎገራ ሜዳ ሩዝ ታጭዶ ማሳው ሲራቆት ጥንቸል መሸሸጊያ ያጣል። ከወረታ ወጣ ብሎ፣ በርብና በጉማራ ወንዞች አካባቢ፣ ማሳና ከብት የሚጠብቅ ውሻ ጥንቸል አባርሮ ሲይዝ ጥያቄው ቤት ይገባል። ልጅ ጥንቸሉን አንጠልጥሎ ይመጣል፤ እናት ድስት ከመጣዷ በፊት «ይህ ሐላል ነው ወይስ በክት?» ትላለች። መልሱ ከጥንቸሉ ይልቅ በውሻው ላይ፣ በተለይም ውሻውን ባሠለጠነውና በላከው ሰው ላይ የተንጠለጠለ ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነውም ለዚሁ ነው።

አስቀድመን ስለ ጥንቸሉ። ጥንቸል በአራቱም መዝሀቦች ሐላል ነው። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) በመር አዝ-ዘህራን ጥንቸል አባርረው እንደያዙ፣ አቡ ጦልሐ እንዳረደውና ከሥጋው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተልኮ እንደተቀበሉት የሚናገሩት ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በኦሪት ሕግ መሠረት ጥንቸል አይበሉም፤ አብሮ በማደግ ይህን ጥላቻ የወረሰ ሙስሊምም አለ። መጸየፍ የሰው ፋንታ ነው፤ «ሐራም ነው» ማለት ግን ማስረጃ ይጠይቃል። ቆቅና ጅግራም እንዲሁ የሚበሉ ናቸው። ከርከሮን ግን ውሻ ማሳ እንዳያበላሽ ሊያባርረው ይችላል እንጂ ሥጋው ከማንም እጅ ቢመጣ ሐላል አይሆንም።

የተላከ ውሻና ለራሱ የያዘ ውሻ

የጉዳዩ መሠረት የሱረቱል ማኢዳ 4ኛ አንቀጽ ነው። አንቀጹ አላህ ካሳወቀን ዕውቀት አስተምረን ያሠለጠንናቸው አዳኝ እንስሳት ለእኛ የያዙልንን እንድንበላ ይፈቅዳል። አሠልጣኞቹ የተጠሩበት «ሙከሊቢን» የሚለው ቃል ራሱ «ከልብ» ማለትም ውሻ ከሚለው የመጣ ነው። ኢብኑል ቀዪም ከዚህ አንድ ነገር አስተውለዋል፦ የተማረ ውሻ የያዘው ሲበላ ያልተማረው የገደለው በክት መሆኑ የዕውቀትን ክብር ያሳያል።

ዝርዝሩን ያገኘነው በዋናነት ከዐዲይ ኢብኑ ሓቲም (ረ.ዐ.) ነው። ዐዲይ በለጋስነቱ የታወቀው የሓቲም አጥ-ጧኢ ልጅ ሲሆኑ፣ ከመስለማቸው በፊት ክርስቲያን ነበሩ፤ አደን የሚያውቁ ሰው ስለነበሩ ጥያቄያቸው የባለሙያ ጥያቄ ነው። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያገኙት መልስ ፍሬ ሐሳቡ ይህ ነው፦ የሠለጠነ ውሻህን የአላህን ስም አውስተህ ከላክኸው የያዘልህን ብላ፣ ቢገድለውም እንኳ። ውሻው ከበላለት ግን ተው፣ ለራሱ ይዞት ሊሆን ይችላልና። ሌላ ውሻ አብሮት ካገኘህም ተው፣ ስሙን ያወሳኸው በራስህ ውሻ ላይ ነውና።

ይህ ሦስተኛው ነጥብ ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። በገጠራችን አንድ ውሻ ሲሮጥ የመንደሩ ውሻ ሁሉ ተከትሎ ይነጉዳል። ጥንቸሉን የገደለው የቱ እንደሆነ ካልታወቀ፣ ያንተ ውሻ ምንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን ሥጋው አይበላም።

ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመው ግን ሌላ ነው፦ ማሳ የሚጠብቅ ውሻ ማንም ሳይልከው በራሱ ተነሥቶ ጥንቸል ያንቃል። እዚህ ላይ ፍርዱ ግልጽ ነው። ሞቶ ከደረስክበት በክት ነው። ሕይወት እያለው፣ እየተንፈራገጠ ካገኘኸውና ቢስሚላህ ብለህ ካረድከው ሐላል ነው፤ አቡ ሠዕለባ አል-ኹሸኒ (ረ.ዐ.) ስላልሠለጠነ ውሻ ጠይቀው ያገኙት መልስም ይኸው ነው። የተላከው ውሻ የያዘውም ቢሆን በሕይወት ከተገኘ ማረድ ግዴታ ነው። ስለዚህ በማሳ የሚውል ሰው ቢላዋው ስለት ያለው ይሁን። ክርስቲያን ጎረቤት ጥንቸል ይዞ ሊሰጠን ሲፈልግም በሕይወት እንዲያመጣው መንገር ይቀላል፤ ጎረቤትም አይከፋም፣ ሥጋውም አያጠራጥርም።

ቢስሚላህ ማለት ቢረሳስ? በሐነፊ መዝሀብ ረስቶ የተወ ይቅር ይባላል፣ ሆን ብሎ የተወ ግን አይበላለትም። በሻፊዒ ማውሳቱ ሱና ነው። በሐንበሊ በታወቀው አቋም በአደን ላይ መርሳትም አያድንም።

ሥልጠናው

ፉቀሃዎች «የሠለጠነ» ለማለት ሦስት ነገር ይፈልጋሉ፦ ሲልኩት የሚሄድ፣ ሲያቆሙት የሚቆም፣ የያዘውን የማይበላ። ይህ በተደጋጋሚ መታየት አለበት፤ ከሐነፊ ሊቃውንት አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ አለመብላቱ ሦስት ጊዜ እንዲታይ ይላሉ፣ ሻፊዒዮች ደግሞ የባለሙያን ልማድ ይመለከታሉ። የሚገርመው ዛሬ የውሻ አሠልጣኞች የሚከተሉት ቅደም ተከተልም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ቡችላው ከ2 እስከ 3 ወር ሲሆነው ስሙንና «ና» የሚለውን ጥሪ ይማራል። ጥሪን ሳይማር አደን የጀመረ ውሻ ኋላ አይመለስም። ቀጥሎ በረጅም ገመድ ታስሮ መቆምን ይለማመዳል። ከዚያ የደረቀ የጥንቸል ቆዳ በገመድ እየተጎተተለት መከተልን፣ ይዞ መምጣትንና መልቀቅን ይማራል። ሽልማቱ ሁልጊዜ ከሰው እጅ ይሁን፣ ቂጣም ይበቃል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ውሻው እንዲበረታ ብለው ከያዘው ላይ አንጀት ወይም ጭንቅላት እዚያው ይሰጡታል። ገና በመማር ላይ ያለ ቡችላ እንዲህ ከለመደ መቦጨቁን አይተውም፣ ያኔ የሚገድለው ሁሉ በክት ይሆናል። ዱላም አይጠቅምም፤ የተደበደበ ውሻ የያዘውን ይዞ ይሸሻል እንጂ አያመጣም።

ዝርያን በተመለከተ፣ በዓረቡ ዓለም ለጥንቸልና ለሚዳቋ የሚታወቀው በዓይኑ የሚያድነው ቀጭኑ ሰሉቂ ነው። በእኛ ዘንድ ያለው ግን የሐበሻ ውሻ ነው፤ ለአደን ተብሎ ተመርጦ የተራባ ስላልሆነ ምርጫው በወላጆቹ ጠባይ ላይ ይመሠረታል። ጥሪ የምትሰማ፣ ሰውና ዶሮ የማትነካ እናት ፈልጉ። ሴት ውሻ የምታረግዘው 63 ቀን ገደማ ነው፤ መጀመሪያ ወንድ በፈለገችበት ጊዜ ባታስጠቁ፣ እኅትና ወንድምም ባታዳቅሉ ይሻላል። ቡችሎቹ 8 ሳምንት እስኪሞላቸው ከእናታቸው አይለዩ። ስለ ሽያጩ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የውሻ ዋጋን የሚከለክል ሶሒሕ ሐዲስ ስላለ ሻፊዒዮች አይፈቅዱም፣ ሐነፊዮች ጥቅም ያለውን ውሻ መሸጥ ይፈቅዳሉ።

ለአደን፣ ለከብት ወይም ለእርሻ ካልሆነ ውሻ የሚይዝ ሰው በየቀኑ ከምንዳው እንደሚቀነስበት በሐዲስ መጥቷል። ማሳ ጠባቂው ውሻ እንግዲህ በተፈቀደው ውስጥ ነው። ቦታው ግን ከቤት ውጭ፣ ዕቃውም ለብቻው ይሁን፤ ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ይታጠባል። በሻፊዒ የውሻው ጥርስ ያረፈበት የሥጋው ቦታም እንዲሁ ይታጠባል የሚለው አቋም ጠንካራ ነው።

ማደን የሚፈቀደው የት ነው?

የሸሪዓው ፈቃድ ያገሩን ሕግ አያነሣም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። «ጥንቸል ነው እንጂ አንበሳ አይደለም» የሚለው ክርክር አያዋጣም፤ ውሻ ይዞ ለአደን መውጣት የሚፈልግ መጀመሪያ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። በተለይ ሸሸርና ወለላን በመሰሉ ረግረጋማ ቦታዎች ውሻ አይለቀቅ። የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ተመዝግቧል፤ በፎገራ ረግረጎች ደግሞ የተለያዩ የውሃ ወፎች ይውላሉ። መሬት ላይ የሚፈለፍል ወፍ ከውሻ አያመልጥም።

የቀረው የጤና ጉዳይ ነው፤ ከሁሉ የሚያስፈራንም እሱ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። ውሻው 3 ወር ሲሞላው፣ ከዚያም በየዓመቱ ይከተብ፤ ለዚህ የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሌላው ብዙም የማይወራለት አደጋ በበግና በከብት ጉበትና ሳንባ ላይ የሚወጣው ውሃ የቋጠረ እባጭ ነው። ውሻ ያንን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ ዕንቁላሉም ከውሻው ዓይነ ምድር ወደ ሰው ይተላለፋል። በዒድ አል-አድሓ ዕለት እንዲህ ያለ ጉበት ወይም ሳንባ ከተገኘ ለውሻ ከመወርወር ይልቅ ጠለቅ አድርጎ መቅበር ወይም ማቃጠል ነው።