የሴቶች ወሲባዊ ፍላጎትና የሆርሞን ሳይንስ፦ የአንድ ስያሜ ታሪክ



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ጥያቄ አጭር ነው፤ የሰውነት ኬሚስትሪ በሴቶች ወሲባዊ ፍላጎት ላይ ያለውን ድርሻ ሳይንስ ለመረዳት ለምን ዘገየ? መልሴ ከመሣሪያ እጥረት ባልተናነሰ ስያሜ አዘገየው የሚል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከወንዶች ነው። በ1889 የ72 ዓመቱ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ሻርል ብራውን ሴካር ከእንስሳት የዘር ፍሬ የተጨመቀ ፈሳሽ ራሳቸውን ወግተው ጉልበታቸው እንደታደሰ በፓሪስ አስታወቁ። መድኃኒቱ ከንቱ ሆኖ ቢገኝም፣ ወንድነትና ሴትነት ከየራሳቸው ዕጢ ይመነጫሉ የሚለው አስተሳሰብ ሥር ሰደደ። በ1905 እንግሊዛዊው ኧርነስት ስታርሊንግ «ሆርሞን» የሚለውን ቃል አስተዋወቁ። በ1929 ከኢስትሮጅኖች አንዱ የሆነው ኢስትሮን፣ በ1935 ደግሞ ቴስቶስቴሮን ተነጥረው ተለዩ። የፊተኛው «የሴት»፣ የኋለኛው «የወንድ» ሆርሞን ተባሉ።

ክፍፍሉን የሚያፈርስ ማስረጃ ግን ገና በማለዳው ተገኝቶ ነበር። በ1934 በርንሃርድ ዞንዴክ በድንጉላ ፈረስ ሽንት ውስጥ እጅግ ብዙ ኢስትሮጅን አገኙ። የሴቷ ኦቫሪም ቴስቶስቴሮን ያመነጫል፤ ኢስትሮጅን የሚሠራውም ከቴስቶስቴሮንና ከመሰሎቹ ነው። ስያሜው ግን ጸና፤ ተመራማሪው የሚጠይቀውንም ጥያቄ አስቀድሞ ወሰነለት። «የወንድ» የተባለው ሆርሞን በሴት አካል ውስጥ ምን ይሠራል ብሎ በብርቱ የጠየቀ ጥቂት ነበር።

በ1985 በካናዳ ባርባራ ሸርዊንና ባልደረቦቻቸው ኦቫሪያቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውን ሴቶች አጠኑ። ቴስቶስቴሮን በተሰጣቸው ሴቶች ዘንድ ፍላጎት ከፍ አለ፤ ኢስትሮጅን ብቻውን ይህን አላስገኘም። የተሰጠው መጠን ግን የሴት አካል በተፈጥሮ ከሚያመነጨው በላይ ስለነበር፣ ውጤቱ ስለ ጤናማ ሴት የዕለት ተዕለት ፍላጎት በቀጥታ አይናገርም።

ከዚህ ተነሥቶ የአንዱን ስሕተት በሌላ መተካት ቀላል ነው፤ «እንግዲያውስ የፍላጎት ሆርሞን ቴስቶስቴሮን ነው» ማለት። በ2019 ዓለም አቀፍ የሕክምና ማኅበራት ያወጡት የጋራ አቋም ይህን ያስጠነቅቃል። ካረጡ በኋላ በሚያስጨንቅ የፍላጎት መቀነስ የሚሰቃዩ ሴቶችን ቴስቶስቴሮን እንደሚረዳ ተቀብሏል፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን ግን ችግሩ ያለባትን ከሌለባት ሴት እንደማይለይ ገልጿል። ድካም፣ ሕመም፣ ለድብርት የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ከትዳር ጓደኛ ጋር ያለ ግንኙነትም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

ይህ ታሪክ የሚያሳስበን ሐኪም ፊት ለምትቀርበው ሴት ስንል ነው። ቁጥሯ «ትክክል» ነው ተብላ ጭንቀቷ እንዳይናቅ፣ ወይም ሕይወቷ ሳይጠየቅ ሆርሞን ብቻ እንዳይታዘዝላት፣ የተረከብናቸውን ስያሜዎች ደግመን መመርመር ይገባናል።