ስለ ጥንታዊ ሰይፎችና ጩቤዎች አሰባሰብ፤ ብረቱና ምስክሩ

ሰይፍ ከሰው ልጅ የእጅ ሥራዎች መካከል ብዙ ተግባር የተሸከመ ዕቃ ነው። በጦር ሜዳ መሣሪያ፣ በአደባባይ የማዕርግ ምልክት፣ በቤት ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ቅርስ፣ በድል አድራጊው እጅ ደግሞ ምርኮ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ሰይፍ ላይ የቀጥቃጩ ጥበብ፣ የነጋዴው መንገድ፣ የባለቤቱ ክብርና የጦርነቱ ፍጻሜ ባንድነት ይገናኛሉ። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ በብረቱ ላይ ተጽፎ አይገኝም። አብዛኛው የሚታወቀው ሰይፉን ከሚያውቁት ሰዎች ቃል ነው። ሰይፉ ከነርሱ ሲለይ ቃላቸው አብሮት ካልሄደ ዕቃው ይደርሳል፤ ታሪኩ ግን በመንገድ ይቀራል።

ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ከእስያና ከአፍሪቃ ወደ ኤውሮፓና ወደ አሜሪካ የሄዱት ሰይፎችና ጩቤዎች እጅግ ብዙ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ እነዚህ መሣሪያዎች እንዴት እንደ ተሰበሰቡ በአጭሩ ማሳየትና፣ ለታሪክ የሚጠቅመው ብረቱ ብቻ ሳይሆን ከብረቱ ጋር የተያዘው መዝገብ ጭምር መሆኑን በምሳሌ ማስረዳት ነው። ዓመቶቹ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር በኤውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስቀድሞ የሰበሰቡት ነገሥታትና መኳንንት ነበሩ፤ ከሩቅ አገር የመጣ ስለት በግምጃ ቤት ማኖር ለባለቤቱ ክብር ይጨምርለት ነበርና። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ግን አንዱ ታላቅ ምንጭ ጦርነት ሆነ። በ1799 እንግሊዞች በደቡብ ህንድ ስሪንጋፓታምን ይዘው ቲፑ ሱልጣን በተገደለ ጊዜ የቤተ መንግሥቱ ንብረት በድል አድራጊዎቹ እጅ ገባ። በ1868 መቅደላ፣ በ1897 የቤኒን ከተማ፣ በ1898 ኦምዱርማን በተያዙ ጊዜም ብዙ መሣሪያና ቅርስ በዚሁ መንገድ ወጣ። ከምርኮው ጐን ለጐን የመንገደኞች፣ የሚስዮናውያን፣ የቆንስሎችና የነጋዴዎች ግዥና ስጦታ ነበረ።

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ይህ ክምችት እየዋለ እያደረ የትምህርት መልክ ያዘ። ሎርድ ኤገርተን በ1880 ስለ ህንድ መሣሪያዎች ሥዕል ያለበት መጽሐፍ አሳተመ። ጄኔራል ፒት ሪቨርስ ከ20,000 በላይ የሆኑ ዕቃዎቹን ለኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰጥቶ በ1884 በስሙ የሚጠራው ቤተ መዘክር ተመሠረተ። የስዊስ ተወላጅ የሆነው ሄንሪ ሞዘር የሰበሰባቸውን የምሥራቅ አገር መሣሪያዎች በ1914 ለበርን የታሪክ ቤተ መዘክር አበረከተ። አሜሪካዊው ጆርጅ ካሜሮን ስቶን ደግሞ የልዩ ልዩ አገሮችን መሣሪያ በፊደል ተራ የሚያስረዳ ታላቅ መዝገበ ቃላት በ1934 አሳተመ፤ በተከታዩ ዓመት ሲሞትም ስብስቡ በኑዛዜው መሠረት ለኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር ተላለፈ።

እነዚህ ሰዎች ለትምህርቱ ያደረጉት አገልግሎት ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን አመዳደባቸው በአብዛኛው ቅርጽን የተከተለ ነበር። ይልቁንም ፒት ሪቨርስ ዕቃዎቹን የደረደረው በየአገራቸው ሳይሆን በየዐይነታቸው፣ ከቀላሉ ወደ ውስብስቡ እያደረገ ነው። ይህ አሠራር በተራራቁ ሕዝቦች መካከል ያለውን የቅርጽ ዝምድና ያሳያል። ሰይፉን ማን እንደ ሠራው፣ ማን እንደ ታጠቀውና ከማን እጅ እንደ ወጣ ለሚጠይቅ ሰው ግን መልስ አይሰጥም።

መልሱ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን የጃቫው መስፍን የዲፖኔጎሮ ክሪስ በግልጽ ያስረዳል። ክሪስ የጃቫና የአካባቢው ሕዝቦች ጩቤ ነው፤ ብዙ ጊዜም ስለቱ እንደ እባብ ጉዞ የተጠማዘዘ ነው። በዚያ አገር ልማድ የከበረ ክሪስ እንደ ሰው የራሱ መጠሪያ ስም አለው፤ ከትውልድ ወደ ትውልድም በጥንቃቄ ይተላለፋል። ዲፖኔጎሮ ከ1825 እስከ 1830 ድረስ በሆላንዶች ላይ ጦርነት አካሄደ፤ በመጨረሻም ለድርድር ተጠርቶ ሳለ ተይዞ ተጋዘ። ክሪሱ በ1831 ለሆላንዱ ንጉሥ ለቀዳማዊ ዊልያም ተሰጠና በሄግ ከተማ በንጉሡ የብርቅ ዕቃዎች ቤት ተቀመጠ። በኋላ ያ ስብስብ ተበትኖ ዕቃዎቹ ለልዩ ልዩ ቤተ መዘክሮች ሲከፋፈሉ፣ ክሪሱ በላይደን ወደሚገኘው የሕዝቦች ጥናት ቤተ መዘክር ገባ። በዚህ ዝውውር የመስፍኑ ስም ከዕቃው ተለየ። የዲፖኔጎሮ ክሪስ ከሌሎች ክሪሶች መካከል ስም እንደሌለው ሆኖ ብዙ ዘመን ኖረ።

ፍለጋው ፍሬ ያገኘው በወረቀት ነው። ከመስፍኑ የጦር አለቆች አንዱ የነበረው ሴንቶት ስለ ክሪሱ የሰጠው ቃልና፣ ዕቃውን በዐይኑ ያየው ጃቫዊው ሠዓሊ ራደን ሳሌህ በዚያው ወረቀት ላይ የጨመረው ማስታወሻ ተገኙ። ሊቃውንቱ ይህን ከቤተ መዘክሩ መዝገብና ከስለቱ መልክ ጋር አስተያይተው መረመሩ። ክሪሱም በመጋቢት ወር 2020 ለኢንዶኔዥያ ተመለሰ። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላም በስለቱ ላይ ያለው ቅርጽ ከስሙ ጋር ይስማማል አይስማማም የሚል ክርክር ተነሥቷል። አንድ የጽሑፍ ምልክት በጊዜው ከዕቃው ጋር ታስሮ ቢቀመጥ ኖሮ ያ ሁሉ ድካምና ክርክር ባላስፈለገ ነበር።

ምናልባት አንባቢው ሰይፉ ራሱ ስለ ራሱ ይናገር የለምን ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ፈላስፋው አልኪንዲ ለኸሊፋው ለሙዕተሲም ባቀረበው ድርሰት ሰይፎችን በብረታቸው ዐይነትና በተሠሩበት አገር ለይቶ ለመመደብ ሞክሯል። ብረት በርግጥ ይናገራል፤ ነገር ግን ንግግሩ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ሰይፍ ከአንድ ቦታ የተገኘ አንድ ነገር አይደለም፤ ስለት፣ እጀታ፣ የእጅ መከላከያና ሰገባ ተጋጥመው የሚያቆሙት ዕቃ ነው። ከነዚህም እያንዳንዱ የራሱ አገርና የራሱ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል።

ካስካራ የሚባለው የሱዳን ሰይፍ ቀጥ ያለና በሁለት ወገን የተሳለ፣ የእጅ መከላከያውም መስቀል የሚመስል ነው። ከነዚህ ሰይፎች የብዙዎቹ ስለት ጀርመን አገር ከምትገኘው ከዞሊንገን በንግድ የመጣ ሲሆን፣ ሌሎቹ በዚያው በአገሩ የተቀጠቀጡ ናቸው። የአገሩ ቀጥቃጮችም በገዢው ዘንድ የታወቀውን የውጭ አገር ምልክት በራሳቸው ሥራ ላይ ይቀርጹ ነበር። የሯጭ ተኩላ ምልክትም እንዲሁ ነው፤ በፓሳው ተጀምሮ የዞሊንገን ሠራተኞች ወሰዱት፤ ከነርሱም በካውካሰስ ያሉ ቀጥቃጮች ቀዱት። በፋርስ ደግሞ የኢስፋሃኑ የአሰዱላህ ስም፣ እርሱ ከነበረበት ይባላል ከሚታወቀው ከቀዳማዊ ሻህ ዐባስ ዘመን (1588–1629) በፊትም በኋላም በተሠሩ ብዙ ስለቶች ላይ ይገኛል። ምልክቱን ብቻ አይቶ አገርንና ዘመንን የሚወስን ሰብሳቢ እንግዲህ ወደ ስሕተት መግባቱ አይቀርም።

የኢትዮጵያ ሰይፍም ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው። ሾተል እንደ ማጭድ የጐበጠ በመሆኑ የባላጋራን ጋሻ ዳር አልፎ ለመምታት ያገለግል እንደ ነበር ይነገራል፤ ጎራዴ ግን ጕብጠቱ አነስ ያለ ነው። ወታደሩ ሰይፉን በቀኝ ጐኑ ይታጠቅ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከኤውሮፓ የመጣ ብዙ ስለት በአገር ውስጥ ከአውራሪስ ቀንድ ወይም ከእንጨት በተሠራ እጀታ ይገጠም፣ በቆዳ ሰገባም ይገባ ነበር፤ የመኳንንቱም ሰገባ በብር ይጌጥ ነበር። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ደግሞ የይሁዳ አንበሳ ሥዕልና የአማርኛ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው ስለቶች በኤውሮፓ ፋብሪካዎች እየተሠሩ መጥተዋል።

ይህን የመሰለ ሰይፍ በሰብሳቢ እጅ ሲገባ ሁለት ዐይነት ስሕተት ሊደርስበት ይችላል። አንደኛው «የሐበሻ ሰይፍ» ብሎ ብቻ መመዝገብ ነው፤ በዚህም የጐንደር፣ የሸዋ፣ የትግራይ ወይም የወሎ መሆኑ ይጠፋል። ሁለተኛው ስለቱ የጀርመን ነው ብሎ እጀታውንና ሰገባውን እንደ ኋላ ቅጥያ መናቅ ነው። ይህ ሁለተኛው ይከፋል። በኢትዮጵያ የብረትና የቆዳ ሥራ የያዙ ባለ እጆች ቀጥቃጭ፣ ፋቂ እየተባሉ በሕዝብ ዘንድ የተናቁ ስለ ነበሩ የአብዛኞቹ ስም በጽሑፍ አልተያዘም። ስለ እነርሱ የሚመሰክረው የሠሩት ዕቃ ነው። ስለቱን አስቀርቶ እጀታውን የሚጥል ሰው ከሰይፉ ውስጥ የኢትዮጵያ ድርሻ የሆነውን ክፍል ይጥላል።

መዝገብን ከሰይፍ ጋር አስተባብሮ የመጠበቅ ልማድ በጃፓን ከፍ ብሎ ይታያል። የጃፓን ቀጥቃጭ ስሙን የሚቀርጸው በእጀታው ውስጥ ተሰክቶ በማይታየው የስለቱ ጅራት ላይ ነው። ሆንአሚ የሚባለው ቤተሰብ ሰይፎችን እየመረመረ የምስክር ወረቀት በመስጠት ለብዙ ትውልድ ታውቋል። የስለቱ ገጽ በባለሙያ ሲወለወል ጅራቱ ግን ከነዝገቱ ይተዋል፤ የዝገቱ መልክ ለዕድሜው ምስክር ነውና። በ1876 መንግሥት በአደባባይ ሰይፍ መታጠቅን በከለከለ ጊዜ፣ በ1945ም አገሪቱ ተሸንፋ የጦር መሣሪያ እንዲሰበሰብ በታዘዘ ጊዜ ይህ ቅርስ ታላቅ አደጋ ደረሰበት። በሁለተኛው ጊዜ ከተሰበሰቡት መካከል ሆንጆ ማሳሙኔ የተባለው ስመ ጥሩ ሰይፍ የገባበት ጠፍቷል። ቢሆንም ታሪኩ አስቀድሞ ተጽፎ ስለ ነበር የጠፋው ምን እንደ ሆነ ዛሬም ይታወቃል። ያልተመዘገበ ሰይፍ ሲጠፋ ግን መጥፋቱን እንኳ የሚያውቅ አይኖርም።

የመቅደላ ዕቃዎች ታሪክ የዚህን ቁም ነገር ክብደት ለኢትዮጵያ ያሳያል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከገደሉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ፤ ዘረፋውም በደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጦ ገንዘቡ ለወታደሩ ተከፈለ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ ሪቻርድ ሆምስ ከገዢዎቹ አንዱ ነበር። ወደ ቤተ መዘክርና ወደ ቤተ መጻሕፍት የገቡት ዕቃዎች ቁጥርና መዝገብ አገኙ። በየመኰንኑና በየወታደሩ ቤት የገቡት ግን ባለቤቱ ሲሞት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ሲተካ፣ ከየት እንደ መጡ እየተረሳ ሄደ።

በ2024 በእንግሊዝ አገር አንድ የኢትዮጵያ ጋሻ ለጨረታ ቀረበ። በጋሻው ላይ የመቅደላ ስምና ውጊያው የተደረገበት ቀን በእንግሊዝኛ ተቀርጾ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት ሽያጩን ስለ ተቃወመ ጋሻው ከጨረታው እንዲወጣ ተደረገ። ጽሑፉን የቀረጸው ሰው አሳቡ ድሉን ለማስታወስ ነበር፤ ከ150 ዓመት በኋላ ግን ያው ጽሑፍ ለባለ ንብረቱ ምስክር ሆነ። ያ ጽሑፍ ባይኖርበት ኖሮ በየጨረታው እንደሚሸጡት እንደ ሌሎቹ የምሥራቅ አፍሪቃ ጋሻዎች ያለ ጥያቄ በተሸጠ ነበር።

ስም ይህን ያህል ኀይል ያለው መሆኑ ገበያውም ያውቀዋል። በ2023 በለንደን ከቲፑ ሱልጣን ሰይፎች አንዱ ከ14 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጧል። ይህን ዋጋ ያወጣው ብረቱና ወርቁ ብቻ አይደለም፤ የባለቤቱ ስምና ሰይፉ ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ የሚያስረዳው ጽሑፍ ነው። ስም ዋጋ በሚያወጣበት ገበያ ደግሞ ሐሰተኛ ስም መፈልሰፉ አይቀርም። ስለዚህ ተመራማሪ የሻጭን ቃል እንደ ቃል ይመዘግባል እንጂ እንደ ማስረጃ አይቀበለውም፤ ማን እንደ ነገረው፣ መቼና በምን ምክንያት እንደ ነገረው አብሮ ይጽፋል። በሌላም በኩል የአውራሪስ ቀንድ ንግድ ከ1977 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ስለ ታገደ፣ የቀንድ እጀታ ያለውን የኢትዮጵያ ጎራዴ ወይም የየመን ጀምቢያ ከአገር ወደ አገር ማሻገር ሕግ የሚጠይቀው ነገር ሆኗል። ሕጉ እንስሳውን ለመጠበቅ የወጣ በመሆኑ ተገቢ ነው። ሻጭ ይህን ለማምለጥ ብሎ እጀታውን ቢያወልቅ ግን ሰይፉ ራሱ ግማሽ ምስክርነቱን ያጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው፤ ሥራውም ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። በኢትዮጵያ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ በየሣጥኑ ውስጥ የተቀመጠ ጎራዴ ገና ብዙ አለ። ከዐድዋ ወይም ከማይጨው ዘመን የቆየ ሰይፍ ያለው ቤተሰብ የአያቱን ስም፣ የዘመተበትን ቦታና ሰይፉን የሰጠውን ሰው ይናገራል። ይህን ተናጋሪ ያልፋል፤ ሰይፉ ይቀራል። በመንደሩ ጥናት የሚያደርግ ተማሪ የሰይፉን ርዝመትና ክብደት ከመለካት ጋር የባለቤቱን የዘር ሐረግ፣ እጀታውን የሠራውን ሰው ስምና መንደር፣ ክፍሎቹ በአካባቢው ቋንቋ የሚጠሩበትን ስም፣ ከዚህ ቀደም የተለወጠ ነገር እንዳለ መጻፍ ይገባዋል። ዝገቱንም ሳይጠርግ፣ የላላውን እጀታ በአዲስ ሳይተካ እንዳለ ይተወው። ወረቀቱ በሁለት ተጽፎ አንደኛው በቤተሰቡ ዘንድ፣ ሁለተኛው በቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ፣ ሰይፉ ቢሸጥም ቢሰረቅም ከየት እንደ ወጣ የሚያስረዳ ይኖራል። የዲፖኔጎሮን ክሪስ ከስሙ ጋር እንደ ገና ያገናኙት በእንደዚህ ያለ ወረቀት ላይ የተጻፉ ጥቂት መስመሮች ናቸው።