«ያልተነካ ተፈጥሮ» ስለተባለው ፎቶ፣ ለተማሪዬ ሳልነግረው የወጣሁት

ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ በሄድኩ ጊዜ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የመልክዓ ምድር ፎቶ ኤግዚቢሽን ጋበዘኝ። የብዙ ፎቶ አንሺዎች የጋራ ትርኢት ነው፤ የሱም ሁለት ፎቶ ተሰቅሏል። አንዱ ግድግዳውን የሞላ፦ የኛው ዶዮገና ተረተር በጠዋት ጭጋግ፣ እንሰቱ ለምለም ብሎ። ከስሩ «ያልተነካ ተፈጥሮ» ይላል። ሌላው ትንሽዬ ነው፣ በሩ ጋ ተሰቅሎ ሰው ዝም ብሎ የሚያልፈው፦ መንገድ ዳር አይሱዙ ላይ ጥቅል ጎመን ሲጫን፣ ከኋላ የመብራት ምሰሶ፣ ከዚያ ወዲያ እርከን።

«ቲቸር፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አለኝ። «ጎበዝ ነህ» ብዬው ወጣሁ። አልዋሸሁትም፣ ግን ግማሹን ዋጥኩት። ይኸው ዛሬ ልናገር።

የታሪክ አስተማሪ ነኝና ከሩቅ ብጀምር አትፍረዱብኝ። በ1860 ዓ.ም ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ ሲዘምት የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ከመሣሪያው ጋር ካሜራም ይዘው መጥተዋል። አገራችን በስፋት ፎቶ ከተነሳችባቸው የመጀመሪያ ጊዜያት አንዱ ያ ነው። ስራው እንደ ዛሬ ስልክ አውጥቶ ጠቅ አይደለም። መስታወት ላይ ኬሚካል ይቀባል፣ ሳይደርቅ ይነሳል፣ ሳይደርቅ እዚያው ጨለማ ድንኳን ውስጥ ይታጠባል። ኬሚካሉ ሰማያዊ ብርሃን ቶሎ ስለሚይዘው ሰማዩ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይቀራል፣ ደመና የለ ምን የለ። ብርሃኑ ለሰከንዶች መግባት ስላለበት ደግሞ የተንቀሳቀሰ ሰው እንደ ጭስ ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። ተራራ ግን ንቅንቅ አይልም። ቀጥ ብለው ቆመው የተነሱ መኮንኖችና የአገር ሰዎች አሉ፤ ውሃ የምትቀዳ፣ የሚያርስ፣ በሬ የሚነዳ ግን ለዚያ ካሜራ አይመችም። ጦሩም ቢሆን በዋናነት ማየት የሚፈልገው መተላለፊያውን፣ ገደሉንና አምባውን ነው። ዛሬ እነዚያን ህትመቶች የሚያይ ሰው ባዶ አገር ላይ የተዘመተ ሊመስለው ይችላል። (በዚያው ዓመት እንግሊዝ የተወሰደውን ልዑል ዓለማየሁን ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶ አንስታዋለች። ሕፃኑ ብቻውን፣ ከአገሩ ተነጥሎ። ይህን ፎቶ ክፍል ውስጥ ሳነሳ ሁሌ ዝም ይባላል።)

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ በ1860 ሰው ከፎቶው የጠፋው በከፊል መሣሪያው ዘገምተኛ ስለሆነ ነው እንበል። የዛሬ ስልክ የሚሮጥ ፈረስ ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ታዲያ የኛ ሰው አሁንም ከፎቶው ለምን ይጠፋል?

በፈረንጆቹ 1975 ሮቸስተር፣ ኒውዮርክ ውስጥ በጆርጅ ኢስትማን ሃውስ አንድ የጋራ ትርኢት ተከፍቶ ነበር። ርዕሱ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ሰው የቀየረው መልክዓ ምድር» እንደማለት ነው። አሜሪካኖች ያኔ የመልክዓ ምድር ፎቶ ሲባል የለመዱት እንደ አንሰል አዳምስ ያለ ተራራ፣ ፏፏቴ፣ ግርማ ሞገስ ነው። እዚህ ግን ሮበርት አዳምስ፣ ሉዊስ ባልትዝ፣ ስቲቨን ሾርና ሌሎችም አዲስ የተሰሩ ቤቶችን፣ የመኪና ማቆሚያና ፋብሪካ አሳዩ። አብዛኛው ጥቁርና ነጭ፣ መጠኑም ትንሽ። ብዙ ጎብኚ ግራ ተጋባ፣ ምኑ ያምራል አለ። ዛሬ ግን የፎቶግራፍ ታሪክ ሲነገር ሳይነሳ አይቀርም።

ከኛ ደግሞ አዲስ ፎቶ ፌስትን በ2010 እ.ኤ.አ. የመሠረተችው አይዳ ሙሉነህ ዳሎል ወርዳ ስለ ውሃ ያነሳቻቸው 12 ፎቶዎች አሉ። እኔ ያየኋቸው በስልክ ነው፣ ስለ ህትመታቸው መናገር አልችልም። እውነቱን ለመናገር ቀለሙ ይበዛብኛል፤ መሬቱ የቲያትር መድረክ ይመስለኛል። ግን ውሃ ተሸካሚዋ ሴት መሃል ላይ ናት። የጨው ሜዳው ያለ እሷ አልታየም።

አሁን ወዳንተ ልምጣ ወንድሜ። ትልቁ ፎቶህ ያምራል። ጭጋጉን በደንብ ይዘኸዋል። አረንጓዴው ግን ከልክ አልፏል፤ እንሰት እንዲህ አያበራም፣ የሚደርቅ ቅጠልም አለው። ይሄ ይሁን ግድ የለም፣ ኮምፒውተር ላይ ይስተካከላል። የከፋኝ ስሙ ነው። ያንን ተረተር ማነው ያልነካው? እርከኑን በተፋሰስ ልማት ዘመቻ ስንቆፍር አንተም አካፋ ይዘህ ነበር፤ እጅህ ውሃ ቋጥሮ ሦስት ቀን ደብተር አልጻፍክም። ጠርዙ ላይ ያለው ደሾ ሳር ብቻውን አልበቀለም፣ ተተክሎ ነው። እንሰት ደግሞ ዱር አይደለም፦ ችግኙ ከቦታ ቦታ ይዛወራል፣ ፍግ ይለብሳል፣ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ከዚያ ሴቶች ተሰብስበው ይፍቁታል፣ ይቀብሩታል። ቆጮው ስንት ወገብ እንደሚያጎብጥ አንተ ከኔ ይበልጥ ታውቃለህ። አዲስ አበባ ላይ ቆሞ «ያልተነካ» የሚለውን የሚያነብ ሰው ግን እዚህ ማንም የሌለ ይመስለዋል። ማንም የሌለበትን መሬት ደግሞ ማንም ተነስቶ የኔ ነው ቢል ምን ትመልስለታለህ?

ትንሿ ግን ጥሩ ናት። ጎመኑን የሚወረውረው ልጅ እጅ ደብዝዟል፣ እንደ መቅደላው ጊዜ፤ እዚህ ላይ ግን ድብዘዛው ስራውን ያሳያል። የመብራት ምሰሶውን ቆርጠህ አለማውጣትህ ደስ አለኝ። ህትመቷ ትንሽ ጠቆር ብላለች፣ ከጥላው ስር ያሉት ሴትዮ ፊት አይለይም። እሱን አብራው። በር ጋም አትስቀላት።

ቅዳሜ እናትህን ገበያ አገኘኋቸው። ትልቁን ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው፤ ጠጋ ብለው አዩና «ይሄ የኛ ጓሮ አይደል እንዴ? ቤቱ የት ሄደ?» አሉኝ። ጭጋጉ ሸፍኖት ነው አልኳቸው። ጭጋጉ ነው ወይስ አንተ ነህ ያጠፋኸው? በኢንቦክስ መልስልኝ፣ የትንሿንም ዋጋ አብረህ ላክልኝ።